ምስልም አደራ ነው

ባለፈው ሰሞን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በልብስ ስፌት ፋብሪካ የሚሠሩ ጎረቤቴ ከሥራ እንደ ወጡ በቀጥታ ወደ ቤቴ መጡ። ቡና ተፈልቶ ነበርና አቦሉን ተቀበሉ፤ ቶናው እስኪቀዳ ግን አልጠበቁም።

«አንቺ ጋዜጠኛ ነሽ፤ ይህን ነገር ታውቂዋለሽ» አሉኝ። «ልጅ የገዛ አያቱን ገመና ፊልም ቢያነሣ ጥፋት ነው ወይስ ደግ ሥራ? እሱ ልጄ ነው፣ እሷ እናቴ ናት፤ እኔ መካከል ላይ ቆሜ የምለው ጠፋኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የጎረቤቴ እናት ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። የመርሳት ሕመም ከያዛቸው ሦስት ዓመት ሆኗል። በመጀመሪያ ቁልፍና መቀነት ያኖሩበትን ይረሱ ነበር፤ ቀጥሎ የሰፈሩን ሰው ስም ረሱ። ዛሬ ጎረቤቴን ልጃቸው መሆናቸውን ዘንግተው «እታለም» እያሉ እንደ እኅት ይጠሯቸዋል። ማታ ማታ ነጠላቸውን አጣፍተው «መሸብኝ፣ ቤቴ ልሂድ» እያሉ በር ይፈልጋሉ።

የጎረቤቴ ልጅ ደግሞ የፊልም ሙያ ተማሪ ነው። ለመመረቂያው የአያቱን ኑሮ በዘጋቢ ፊልም ሊሠራ ተነሣ። መጀመሪያ ላይ ቡና ሲፈላ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሳሙ፣ ፀሐይ ሲሞቁ ያነሣቸው ነበር። ቤተሰቡም ደስ ብሎት አየ። እየዋለ እያደረ ግን ካሜራው ወደ ጓዳ ገባ። ሌሊት በር ሲፈልጉ፣ ሲያለቅሱ፣ ልብሳቸው ሲለወጥ፣ ገላቸውን ሲታጠቡ ሁሉ ተነሣ።

ልጁ ክፉ ልጅ አይደለም። ሌሊት ከእናቱ ጋር ተራ ገብቶ አያቱን የሚጠብቅ እሱ ነው። «እማዬ፣ ሰው ይህን ሕመም አያውቀውም፤ እብደት ይለዋል፣ መተት ይለዋል። ቢያይ ይማራል» ብሎ ተከራክሯል። እናቱም እውነት አለው ብለው ዝም አሉ።

አንድ ማታ ግን ያነሣውን በኮምፒዩተር ከፍቶ ለቤተሰቡ አሳየ። አያቱም አብረው ተቀምጠው ነበር። በመስኮቱ ላይ ትከሻቸው ተራቁቶ ሲታጠቡ ታየ። አሮጊቷ ራሳቸውን አላወቁም። ነገር ግን ፊታቸውን ወዲያ አዞሩና ነጠላቸውን በዓይናቸው ላይ ሳቡ። «ተዉ እንጂ! ሰው ሲታጠብ ይታያል?» አሉ።

«ያን ጊዜ ነው ነገሩ የከበደኝ» አሉኝ ጎረቤቴ። «ስሟን ረስታለች፣ እኔን ረስታለች። ነውርን ግን አልረሳችም።»

ውድ አንባቢያን፣ በዛሬው ዓምዳችን ልናነሣው የወደድነው ጉዳይ ይኸው ነው። ካሜራ ዛሬ የጋዜጠኛና የፊልም ሠሪ ብቻ ንብረት አይደለም፤ በእያንዳንዳችን የእጅ ስልክ ውስጥ አለ። የታመመችውን፣ የተቸገረችውን፣ ያረጀችውን፣ ሕፃኑን አንሥቶ በዚያው ደቂቃ በዩቲዩብ ወይም በቲክቶክ ማሠራጨት ይቻላል። በመሆኑም ቀድሞ የባለሙያዎች ክርክር የነበረው ጥያቄ ዛሬ የእናንተም የቤት ጥያቄ ሆኗል። እምቢ ለማለት አቅም ያጣን ሰው ማንሣት የሚገባው መቼ ነው? ምስሉስ ከተነሣ በኋላ የማን ነው?

ከኮረም እስከ ሎንዶን

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ጥያቄ ከማንም ይልቅ የምናውቀው ሕዝቦች ነን። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የእንግሊዙ ቢ.ቢ.ሲ. ከኮረም የተላከ ዜና አሰማ። ዘጋቢው ማይክል በርክ፣ ምስሉን ያነሣው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነበሩ። በብርድ የተቆራመቱ እናቶች፣ በእቅፍ የሞቱ ሕፃናት፣ በጨርቅ ተጠቅልለው በመሬት ላይ የተደረደሩ አስከሬኖች በዓለም ቴሌቪዥኖች ታዩ። ከዚህም የተነሣ እርዳታ ጎረፈ፤ በሐምሌ 1977 ዓ.ም. «ላይቭ ኤይድ» የተባለው ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት በሎንዶንና በፊላደልፊያ ተካሄደ። በዚያ ምስል ምክንያት የዳነ ሰው እንዳለ መካድ አይቻልም። መሐመድ አሚንም ካሜራውን ባይከፍት ኖሮ ብዙ ሰው ሳይታይ ባለቀ ነበር።

ይሁንና ሌላም ወገን አለው። በዚያው ዘመን የካናዳ ቴሌቪዥን ሠራተኞች በመቀሌ አካባቢ የአንዲት ሦስት ዓመት ያህል የሆናት ሕፃን ፊት አነሡ። ሕፃኗ ልትሞት ነው ተብሎ ተስፋ ተቆርጦባት ነበር። ፊቷ በ«ላይቭ ኤይድ» መድረክ በሙዚቃ ታጅቦ ታየ፤ የረኃብ ምልክት ሆነ። ሕፃኗ ግን አልሞተችም። አደገች፣ ተማረች፤ ሰኔ 25 ቀን 1997 ዓ.ም. ሎንዶን ውስጥ በሃይድ ፓርክ በተካሄደው «ላይቭ ኤይት» መድረክ ላይ በሐበሻ ቀሚስ ወጥታ ቆመች።

ይህ የምሥራች ነው። ቢሆንም እስቲ ለአንድ አፍታ ራሳችሁን በእሷ ቦታ አድርጉ። ነፍሷን ስታውቅ ቀድሞ የጠበቃት የሞት ጣሯ ምስል ነው። የሦስት ዓመት ሕፃን እሺ ወይም እምቢ ልትል አትችልም። አባትም ልጁ በእቅፉ ልትሞት ስትል ካሜራ ይዞ ከቆመ እንግዳ ጋር ስለ ፈቃድ ሊነጋገር አይችልም። ስሟን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ አልጠራሁትም። ለምንነጋገርበት ጉዳይ ስሟ አያስፈልግምና።

ከዚያ ወዲህ የእርዳታ ድርጅቶችም ራሳቸውን መርምረዋል። የአውሮፓ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች በ1981 ዓ.ም. ስለ ምስልና መልእክት የሥነ ምግባር ደንብ አወጡ። የተቸገረን ሕዝብ ረዳት እንደሌለውና ምጽዋት ብቻ እንደሚጠብቅ አድርጎ ማሳየትን ነቀፉ፤ የሰው ክብር እንዲጠበቅ አሳሰቡ። ደንቡ እ.ኤ.አ. በ2006 በሌላ ሲተካ ደግሞ ባለጉዳዮቹ ነገሩን በሚገባ ተረድተው፣ ተሳትፈውና ፈቅደው ሊሆን ይገባል የሚለው ሐሳብ ተጠናከረ። ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ የተጻፈው ከምስሉ በኋላ ነው።

ፈቃዱን የሰጠው ማን ነው?

«አስፈቅጃለሁ» የሚለው ቃል ሁልጊዜ ይሰማል። ከማን እንደ ተፈቀደ ግን እምብዛም አይጠየቅም።

እ.ኤ.አ. በ1966 ፍሬድሪክ ዋይዝማን የተባለ አሜሪካዊ በማሳቹሴትስ ግዛት በብሪጅዎተር፣ በወንጀል ተጠርጥረው ወይም ተፈርዶባቸው የተያዙ የአእምሮ ሕሙማን ወደሚጠበቁበት ተቋም ካሜራ ይዞ ገባ። በዓመቱ «ቲቲከት ፎሊስ» የተሰኘው ፊልም ወጣ። ሕሙማኑ ራቁታቸውን በባዶ ክፍል ሲዘጋባቸው፣ ጠባቂዎች ሲያላግጡባቸው፣ አንዱም በአፍንጫው በገባ ቱቦ በግድ ሲመገብ ይታያል። የተቋሙ ኃላፊ ፈቅዶ ነበር። ራቁታቸውን የታዩት ሕሙማን ግን አብዛኞቹ ፈቃድ ምን እንደሆነ ለመረዳት የሚችሉ አልነበሩም።

የማሳቹሴትስ መንግሥት ከሰሰ፤ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1968 ፊልሙ የሕሙማኑን ገመና ይደፍራል ሲል አገደው። በዓመቱ ለሐኪሞች፣ ለሕግ ሰዎችና ለመሰሎቻቸው ብቻ እንዲታይ ተፈቀደ። ለጠቅላላው ሕዝብ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ዋይዝማን በበኩሉ መንግሥት የሸፈነው የሕሙማኑን ገመና ሳይሆን የራሱን ጥፋት ነው ሲል ተከራክሯል።

እንግዲህ ማን ትክክል ነው? እኔ ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው እላለሁ። ገመና ይከበር በሚል ሰበብ በደል የሚሸፈንበት ጊዜ አለ። የምትደበደብ ሚስት፣ የሚሰቃይ ሕፃን፣ በተዘጋ ግቢ የሚበደል ሕመምተኛ ካልታየ በዳዩ ይደላደላል። ስለዚህ አንድ መለኪያ ይኑረን። መሸፈኑ የሚጠቅመው ማንን ነው? በዳዩን ከሆነ መጋረጃው ይገለጥ። መሸፈኑ የሚጠቅመው ተበዳዩን ከሆነ ግን መጋረጃው የእሱ ነው፤ ያለ እሱ እጅ አይነሣም። በደሉን እየገለጡ የተበዳዩን ፊትና ገላ መሸፈንም ይቻላል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ትንሽ ድካም ብቻ ነው።

እናቷን ያነሣች ልጅ

የጎረቤቴን ጥያቄ የሚመስል ጥያቄ በሌላም አገር ተነሥቷል። ዲቦራ ሆፍማን የተባለች አሜሪካዊት እናቷ አልዛይመር በተባለው የመርሳት ሕመም ሲያዙባት እ.ኤ.አ. በ1994 አንድ ዘጋቢ ፊልም ሠራች። ርእሱ «የታዛዥ ሴት ልጅ ብሶት» ተብሎ ሊተረጎም ይችላል፤ ለኦስካር ሽልማትም ታጭቶ ነበር። ከአንድ ሰዓት የማይሞላ ፊልም ነው።

የዚህች ልጅ ብልሃት የቱ ላይ ነው ብትሉ፣ ካሜራውን አብዝታ ያዞረችው ወደ ራሷ ነው። ተቀምጣ ታወራለች። እናቷ ሲሳሳቱ እያረመች ስትነዛነዝ መክረሟን፣ ኋላም ማረሙ ለማንም እንደማይጠቅም መረዳቷን ራሷ ትናገራለች። እናቲቱ ሲታዩ ይጫወታሉ፣ ይስቃሉ፣ ግራ ይጋባሉ። ተመልካቹ ስለ ሕመሙ የሚማረው ከልጅቱ አንደበት ነው። የፊልሙ ሸክም እምቢ ማለት በምትችለው ላይ አረፈ።

ከርስተን ጆንሰን የተባለች ሌላ አሜሪካዊት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ስለ አባቷ ፊልም አወጣች። አባቷ የአእምሮ ሐኪም ነበሩ፤ የመርሳት ሕመም ሲጀምራቸው ልጅና አባት ተመካክረው የአባትየውን ሞት በልዩ ልዩ መንገድ እያስመሰሉ ይቀርፁ ጀመር። አባትየው ገና ልባቸው ሳለ አውቀው የገቡበት ጨዋታ ነበርና አብረው ይስቃሉ። ይሁን እንጂ ሕመሙ እየገፋ ሲሄድ ከባድ ጥያቄ ይመጣል። ዛሬ ግራ ተጋብቶ የቆመው ሰው ትናንት ልቡ ሞልቶ እሺ ያለው ሰው ነውን? ጤነኛው የሰጠውን ፈቃድ ሕመምተኛው ሊሽረው አይችልምን?

የጎረቤቴ እናት ነጠላቸውን በዓይናቸው ላይ ሲስቡ የሰጡት መልስ ይህ ይመስለኛል። አእምሮ ሲደክም አንደበት ይጠፋ ይሆናል፤ እምቢታ ግን በእጅም፣ በዓይንም፣ ፊትን በማዞርም ይነገራል። ካሜራ የያዘ ሰው ይህን ቋንቋ ማወቅ አለበት።

እኔም ከጥፋት አልዳንኩም

ሌላውን ስመክር የራሴን ልሸሽግ አልሻም። ከዐሥር ዓመት በፊት፣ ለሥራው አዲስ ሳለሁ፣ በአንድ ሐኪም ቤት በር ላይ ለልጇ መታከሚያ የምትለምን እናት አገኘሁ። ታሪኳን ጻፍኩ። «ፎቶ ላንሣሽ?» ስላት የልጇን ኮሌታ አስተካከለችና «እሺ» አለችኝ። ጽሑፉ ከነፎቶው ወጣ፤ ጥቂት ደጋግ ሰዎች ረዷት። እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ሌላው ሥራዬ ሄድኩ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ስትሸጥ አገኘኋት። አወቀችኝ፤ ሳመችኝም። «ልጄ ዳነልኝ፣ እግዜር ይስጥሽ» አለችኝ። ቀጥላም ሚዛኗን እያስተካከለች «ግን ትምህርት ቤት ‹ለማኝ› ይሉታል፤ አንዱ ልጅ ያን ጋዜጣ ከቤቱ ይዞ መጥቶ» አለችኝ። የምለው አጣሁ። እሷም ሳትቆጣ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «ያን ቀን ፎቶውን እምቢ ብልሽ ኖሮ ትጽፊልኝ ነበር?»

እስከ ዛሬ መልስ አልሰጠኋትም። እውነቱን ለመናገር፣ በጊዜው እምቢ ማለት እንደምትችል አልነገርኳትም። እሷም እምቢ ብትል እርዳታው እንደሚቀርባት ነበር የገባት። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ በችግር አፋፍ ላይ ያለ ሰው የሚሰጠው «እሺ» የፈቃድ «እሺ» ላይሆን ይችላል። እኔ ግን በጽሑፌ ላይ «በፈቃደኝነት ተነሣች» ብዬ ነበር።

ዛሬ ይህ ስሕተት በየመንገዱ ይፈጸማል። ዳቦ ወይም ብር ይዞ ወደ ተቸገረች እናት ቤት የሚሄድ፣ ካሜራውን ከፍቶ «ምን ተሰማሽ?» የሚል፣ እስክታለቅስ የሚጠብቅ ሰው ታያላችሁ። ገንዘቡ ሳይሰጥ እንባው ይቀረፃል። ስጦታ የነበረው ዋጋ ይሆናል፤ ዋጋውም የእናቲቱ ፊት ነው። ስጦታው በሳምንት ያልቃል። ምስሉ ግን ልጆቿ አድገው፣ ሥራ ይዘው፣ ትዳር ሲመሠርቱም ይኖራል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከስልክ የወጣ ምስልማ ከአፋፍም የራቀ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል?

ብዙዎቻችን አናውቀውም እንጂ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 27 የማንም ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። እርግጥ ቁጥር 28 ልዩ ሁኔታዎችን ያስቀምጣል። የታወቀ ሰው ወይም የመንግሥት ሥራ ያለው ሲሆን፣ ለፍርድ ወይም ለፖሊስ ሥራ ሲያስፈልግ፣ ለሳይንስ፣ ለባህል ወይም ለትምህርት ጥቅም ሲሆን፣ እንዲሁም ሕዝብን በሚመለከት በአደባባይ በሚፈጸም ነገር ፈቃድ ላያስፈልግ ይችላል። ያለ ፈቃዱ ምስሉ የታየበት ሰው ግን እንዲቆምለት ለመጠየቅ ይችላል። ሰውዬው ቢሞት ወይም ፈቃዱን ለመግለጽ የማይችል ሁኔታ ላይ ቢሆንና ምስሉ ክብሩን የሚነካ ከሆነ ደግሞ ይህ መብት ወደ ቅርብ ዘመዶቹ ያልፋል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ደንግጓል።

ታሪክ ሲቀረፅ የሚነሣው ጥያቄም ከምስሉ ጥያቄ የራቀ አይደለም። ነሐሴ 28 ቀን 2006 ዓ.ም. «ድፍረት» የተባለው ፊልም አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ አዳራሹ በሰው ሞልቶ ሳለ የፍርድ ቤት እግድ ደረሰና ሳይታይ ቀረ። ፊልሙ የተጠለፈች የዐሥራ አራት ዓመት ልጃገረድን እውነተኛ ታሪክ መሠረት ያደረገ የተዋናዮች ሥራ ነው፤ በውጭ አገርም ተሸልሟል። ጠለፋን በመቃወም ለሴቶች የሚቆም ፊልም መሆኑ አያጠያይቅም። ታሪኩ የደረሰባት ሴት ግን አልተጠየቅሁም አለች። እግዱ ኋላ ተነሥቶ ፊልሙ ለሕዝብ ታይቷል። ለእኛ የሚቀረው ትምህርት ይህ ነው፦ ዓላማው የቱንም ያህል የተቀደሰ ቢሆን ባለታሪኳን ከመጠየቅ አያድንም። በጉልበት የተወሰደባት ሴት ታሪኳም ሳትጠየቅ እንዳይወሰድ መጠንቀቅ ይገባል።

ካሜራው ከመከፈቱ በፊት

እንግዲህ ጋዜጠኛም ብትሆኑ፣ ተማሪም ብትሆኑ፣ ስልክ የያዛችሁ እናትም ብትሆኑ፣ የሚከተሉትን ጥያቄዎች ለራሳችሁ አቅርቡ።

አንደኛ፣ ይህ ሰው እምቢ ቢለኝ የሚቀርበት ነገር አለ? ካለ እርዳታውን አስቀድማችሁ ስጡ፤ ካሜራውን በሌላ ቀን አምጡ። «ባትነሺም ያው ነው» ብላችሁ በቃል ንገሯት።

ሁለተኛ፣ ምስሉ የት እንደሚታይ በሚገባት ቋንቋ ነግሬአታለሁ? «ለፊልም ነው» ማለት አይበቃም። የሰፈሯ ሰው፣ የባሏ ዘመዶች፣ የልጇ ጓደኞች፣ ውጭ አገር ያለችው እኅቷ ሊያዩት እንደሚችሉ፣ አንዴ ከወጣም መልሶ መሰብሰብ እንደማይቻል ማወቅ አለባት።

ሦስተኛ፣ ደግሜ ጠይቄአለሁ? ፈቃድ እንደ ቤት ኪራይ ውል አንዴ ተፈርሞ የሚቀመጥ አይደለም። ሲነሣ፣ ሲቆራረጥ፣ ከመታየቱም በፊት ይጠየቃል። ሐዘን ላይ የነበረች ሴት በአርባው ቀን የምትለው በሦስተኛው ቀን ካለችው ሊለይ ይችላል።

አራተኛ፣ መልስ መስጠት የማይችል ከሆነስ? ሕፃን፣ ሕሊናውን የሳተ፣ አእምሮው የደከመ ሰው ሲሆን የቅርብ ዘመድ ይጠየቃል። ዘመዱ ግን ባለአደራ እንጂ ባለቤት አይደለም። «እኔ ምን እፈልጋለሁ?» ሳይሆን «እሷ ጤነኛ ሳለች ይህን ብትጠየቅ ምን ትል ነበር?» ብሎ ይመልስ። እናታችሁ እንግዳ ሲመጣ ሻሿን ሳታስር የማትወጣ ሴት ከነበረች፣ መልሱን ታውቁታላችሁ።

አምስተኛ፣ ገላን፣ መኝታን፣ መታጠቢያን፣ ጣርን ማሳየት የግድ ነው? በአብዛኛው አይደለም። ድምፅ ብቻ፣ እጅ ብቻ፣ ከበስተኋላ የታየ ሰው ብቻ ነገሩን ሊገልጹት ይችላሉ።

ስድስተኛ፣ ባለቤቲቱ ከሁሉ በፊት አይታዋለች? ያልወደደችውን ማስወጣትስ ትችላለች? ከፊልሙ ገንዘብ ቢገኝ ድርሻዋ ምንድን ነው?

እናቶች ሆይ፣ ይህ የሌላውን ቤት ብቻ የሚመለከት አይምሰላችሁ። ልጃችሁ ሲቀጣ ያለቀሰውን፣ አልጋው ላይ የሸናውን፣ በፈተና የወደቀውን «ያስቃል» ብላችሁ የለጠፋችሁት እንደሆነ፣ ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው የሚያነበው እሱና የክፍል ጓደኞቹ ናቸው። ልጅም ባለገመና ነው።

የጎረቤቴ ቤት

ለጎረቤቴ ይህን ሁሉ አላልኳቸውም። ያልኳቸው አጭር ነበር፦ «ልጅዎን አይቆጡት፤ አብራችሁ ተቀምጣችሁ ደግማችሁ እዩት።»

እንደዚያው አደረጉ። አጎቱና አክስቱም ተጠሩ። የመታጠቢያውና የመኝታው ክፍል የተነሣው ሁሉ ከእናቱ ፊት ተደመሰሰ። ልጁ ቅር ብሎት ነበር፤ «ጠንካራው ክፍል እሱ ነበር» ብሏል። እናቱም «ጠንካራው ክፍል እኔ እሆንልሃለሁ» ብለው መለሱለት። ከሥራ መልስ ተቀምጠው፣ የገዛ እናት ልጇን ስትረሳ ምን እንደሚመስል፣ ሌሊት ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ጠዋት ፋብሪካ መግባት ምን እንደሆነ፣ መተት ነው ብለው ጠበል ለጠበል የተንከራተቱበትን ዓመት ሁሉ ለካሜራው ተናገሩ። ሌሊት በር የሚፈለግበት ትርኢት ቀርቷል ማለት አይደለም፤ መወርወሪያውን የሚዳብሰው እጅና «መሸብኝ» የሚለው ድምፅ ብቻ ነው የሚታየውና የሚሰማው።

ፊልሙ ገና አላለቀም። ባለፈው እሑድ ቡና ሲፈላ ልጁ ካሜራውን አነሣ። አያቱ እንግዳ የመጣ መስሏቸው እጃቸውን ወደ ትከሻቸው ሰደዱና «ነጠላዬስ?» አሉ። ልጁ ካሜራውን ወንበር ላይ አስቀምጦ ነጠላቸውን አመጣላቸው፤ ካጣፉላቸው በኋላ መቅረፁን ቀጠለ።